ሁለት ቴራ የተባለው ሳጥን፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ጉዳይ

መነሻ

ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የደወለችው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ፎቶ ቤት የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ልጅ ናት። "ቪዲዮው ይታያል፣ ግን የለም" አለችኝ። ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ የችግሩን ምንነት እንዲህ በአጭሩ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ይህን የምጽፈው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ስምም የቤቱ አድራሻም አይጠቀስም። አንድ መዘዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አንድ የውጭ ዲስክ ሲመረጥና ሲገጠም ሊያጋጥም የሚችለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ቤት ውስጥ በሁለት ሳምንት ተደራርቦ አየሁት።

የቤቱ አሠራር

ባለቤቱ በፊልም ካሜራ ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የድሮ ኔጋቲቮቻቸው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እስካሁን አሉ፤ አንዱን አውጥተው መስኮት ላይ ቢያነሱት የማን ሰርግ እንደሆነ ይነግሩዎታል። ዲጂታል ሥራውን የተረከበችው የእህታቸው ልጅ ናት።

አንድ ሰርግ በሁለት ካሜራ ይቀረጻል። የጥራት መጠኑ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ነው። ይህ በሰዓት 22 ጊጋባይት ተኩል ያህል ይሆናል፤ ሁለቱ ካሜራዎች አራት አራት ሰዓት ከሠሩ አንድ ሰርግ ብቻ 180 ጊጋባይት ይወስዳል። ከጥር መባቻ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ስድስት ሰርግ ተይዞ ነበር፤ ከ1 ቴራ (ከ1,000 ጊጋባይት) በላይ ማለት ነው፣ የጥምቀቱ ቀረጻ ሳይቆጠር። የዴስክቶፑ ዲስክ ግን ራሱ 1 ቴራ ሆኖ ቀድሞውንም ጢም ብሏል፤ ቀዩ መስመር ከታየ ወራት አልፎታል። ይህን ስሌት ሠርቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር፤ ያንን ኮምፒውተር በመስከረም ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጋሼ ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ወርደው አንዲት ጥቁር፣ ቄንጠኛ፣ መዳፍ የምታህል ሳጥን ገዙ። ላይዋ ላይ "ኤስኤስዲ 2 ቴራ" ይላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ ነው። ዋጋዋ እውነተኛው ዕቃ ከሚያወጣው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሻጩ "የመጨረሻዋ ናት" ብሏቸዋል።

የደረሰው ነገር

የጥር 4 ሰርግ ወደ ሳጥኗ ተገለበጠ። ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፋይሎች ከፍታ አየች፤ ይሠራሉ። ዕድል ሆኖ ያንኑ ሰርግ ቶሎ ማቀናበር ስለፈለገች፣ የቆዩ ሥራዎችን ሰርዛ በዴስክቶፑም ላይ ገለበጠችው። የጥር 18ቱ ግን የሄደው ወደ ሳጥኗ ብቻ ነው። ከዚያ የካሜራዎቹ ሚሞሪ ካርዶች ፎርማት ተደርገው (ተጠርገው) ለጥር 25ቱ ሰርግ ዋሉ።

ጥር 27 የጥር 18ቱን ልትጀምር ስትከፍት የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸው ልክ ነው፣ ቀናቸው ልክ ነው። የሚከፈት ግን አንድም የለም።

ምርመራው

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሁሉንም ማስቆም ነበር። ሳጥኗ ላይ ምንም እንዳይጻፍ፣ ካርዶቹም ወደ ካሜራ እንዳይገቡ። የጥር 25ቱ ቀረጻ ገና ካርድ ላይ ስለነበረ ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩት።

ከዚያ ከማይከፈቱት ፋይሎች አንዱን ይዘቱን በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ብቻ ነው። የተበላሸ ቪዲዮ እንዲህ አይሆንም፤ የተበላሸ ነገር ውስጥ ቢያንስ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይገኛል። ይህ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም።

የዚህ ዓይነቱ የማጭበርበር ዘዴ የታወቀ ነው። በዕቃው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ለኮምፒውተሩ "2 ቴራ ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሥራው ትክክል ነው። ከሞላ በኋላ የሚመጣውን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ዞሮ በፊተኛው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጠው ግን መጀመሪያው አካባቢ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ስለሆነ ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። ልጅቷ ከፍታ ያየቻቸው ፋይሎች የመጀመሪያዎቹ ስለነበሩ ተከፈቱላት። በዚያ ላይ ገና የተገለበጠ ፋይል ሲከፈት ዊንዶውስ ከዲስኩ ሳይሆን ከራሙ (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ወዲያው ከፍቶ ማየት ፈተና አይደለም።

በሳጥኗ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ቀድቼ ካስቀመጥኩ በኋላ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞከርኳት። ፕሮግራሙ ዲስኩን እስኪሞላ ይጽፍበታል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ትክክል ሆኖ የተገኘው 58 ጊጋ ብቻ ነው። ፍጥነቷም የአሮጌ ፍላሽ ነበር። ጋሼ "ክፈታት" አሉኝ። ጠርዟን በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጧ ጥፍር የምታህል ሰሌዳ፣ አንዲት ቺፕ፣ እና በሙጫ የተለጠፈች ቁራጭ ብረት አለች። ብረቷ የገባችው ሳጥኗ በእጅ ስትያዝ እንድትከብድ ነው። ጋሼ ብረቷን ብቻ አንስተው ለረጅም ጊዜ አገላበጧት።

ምን ተረፈ?

የጥር 18ቱ ሰርግ አራት ካርድ ላይ ነበር። ሦስቱ በጥር 25ቱ ቀረጻ ተሸፍነዋል፤ ከእነሱ የተገኘ የሚረባ ነገር የለም። አራተኛው ፎርማት ቢደረግም አልተቀረጸበትም ነበር። ካሜራ ላይ የሚደረገው ፎርማት ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ይዘቱ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አብዛኛው ወጣ፦ ሚዜዎቹ ሙሽሪት ቤት በር ላይ ሲጋፉ፣ እናቷ ቄጠማ ሲያስተካክሉ፣ የምሳው መጀመሪያ። ረጃጅሞቹ ቅንጥቦች መሀላቸው ተቆርጦ ነው የተገኙት።

የሽማግሌዎቹ ምርቃት ጠፋ። ለቤተሰቡ ከሁሉም የባሰው ይሄ ነበር። ልጅቷ ከዘመድ ወዳጅ የስልክ ቪዲዮ መሰብሰብ ጀመረች። ሰዎቹ በቴሌግራም ሲልኩላት ጥራቱ ወርዶ መጣ፤ "እንደ ፋይል ላኩልኝ" ብላ ደግማ ስትጠይቅ ዋናው ደረሳት። ከመጣላት አንዱ የአያትየው ምርቃት ነው፤ ስልኩን የያዘው ልጅ አንገቱን ያዘነበለ ይመስል ወደ ጎን የተቀረጸ፣ ድምፁ ግን ጥርት ያለ። ጋሼ ለቤተሰቡ ራሳቸው ሄደው ነገሩና ቀሪውን ክፍያ ተዉት።

ምን እንግዛ?

የመጀመሪያው ሐሳብ "እውነተኛውን 2 ቴራ ኤስኤስዲ እንግዛ" የሚል ነበር። አልተስማማሁም። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይበላሽም፤ ሆኖም በአንዱ ዋጋ ሁለት ተራ ሃርድ ዲስክ ይገኛል። የዚህ ቤት ጉድለት ደግሞ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛ ቅጂ ነበር። በተጨማሪም ፍላሽም ሆነ ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥን ነገር አደራ የምሰጠው ለእሱ አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥም ተነስቶ ነበር። 1 ቴራ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢላክ፣ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ያየ ሰው ይህን አማራጭ ብዙ አያስብበትም።

ትልቁ የጠረጴዛ ዲስክ የራሱ አዳፕተር አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ድርግም ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ደግሞ አንድ ትርፍ ሶኬት የለውም። እሱንም ተውነው።

ያስቸገረን የከፍታው ነገር ነው። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት። ፎቶ ቤቱ ግን መንዝም ይሠራል፤ በጣርማበር አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዲስክ ሰክቶ መገልበጥ ወዲያው ያበላሻል አልልም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ነገር ግን መኪና ሲያንገጫግጨው ውሎ፣ ሌሊት በውርጭ አድሮ፣ ከወሰኑ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የሰው ሰርግ አላስቀምጥም። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው ለመስክ እሱ ይሻላል።

በመጨረሻ የተገዛው ይህ ነው፦ ሁለት ባለ 2 ቴራ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች፣ አንድ ዓይነት ጉድለት በአንዴ እንዳይጥላቸው ከተለያየ አምራች፤ እና ለመስክ አንድ ባለ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ከዩኤስቢ ማቀፊያ ጋር። ሻጩ ደረሰኝ የሚሰጥና "ሞክሬ ካላለፈ እመልሳለሁ" ስንለው እሺ ያለ ሰው ነበር። ዋጋውን ጠይቀን የወጣንባቸው ሦስት ሱቆች እሺ አላሉም።

ገጠማው

"መሰካት ነው፣ ምን ገጠማ አለው?" ይባላል። የመጀመሪያውን ዲስክ ጋሼ እኔ ሳልደርስ በፊት ለፊቱ ቀዳዳ ሰክተውት ነበር። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ይታያል፣ ይጠፋል። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። የፊት ቀዳዳው የድሮው ዩኤስቢ 2 ነው፤ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ሳህኑን አስነስቶ ለማሽከርከር ለዚህ ዲስክ አልበቃም። ከኋላ ያለው ሰማያዊው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ነው፤ 900 ይሰጣል። ወደዚያ፣ ከካርቶኑ በወጣው አጭር ገመድ ሳዞረው ጠቅታው ቆመ። ጋሼ የተጠቀሙበት ገመድ ረጅሙ ነበር፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ራሱ ኃይል ይበላል።

ልዩነቱ የኃይል ብቻ አይደለም። በፊት ለፊቱ ቀዳዳ ቢበዛ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያልፈው፤ 1 ቴራ ለመገልበጥ ስምንት ሰዓት። ከኋላ 110 ገደማ አገኘን፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። እኛ ሰፈር ስምንት ሰዓት መብራት ሳይጠፋ የሚቆይበትን ቀን መጠበቅ አይቻልም።

ዲስኩ ሲከፈት ዊንዶውስ 1.81 ቴራ አለ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄም ሌባ ነው!" ሌባ አይደለም። አምራቹ የሚቆጥረው በሺህ ነው፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው በ1,024፤ 2 ቴራ በዚያ ቆጠራ 1.81 ይሆናል። የሚገርመው፣ ሐሰተኛዋ ሳጥን ያሳየችው 1.95 ነበር። ያኔ ደስ ያሰኛቸው ቁጥር ነው ሊያጠራጥራቸው የሚገባው።

ከዚያ ሁለቱንም ዲስኮች ሙሉ በሙሉ ሞልተን መልሰን አነበብን። መጻፉ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ማንበቡም ያንኑ ያህል፤ ሌሊቱን አሳደርናቸው። አንደኛው ንጹሕ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱም ሃያ ደቂቃ ታግሎ ተኛ። ፕሮግራሙ የተጻፈውን ክፍል መልሶ ማመሳከር ስለሚችል ሥራው ሁሉ ገደል አልገባም፤ ግን ሌላ ሌሊት ወሰደ።

ፎርማቱን፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎቹን የሚያደራጅበትን ሥርዓት፣ በተመለከተ ለማኅደር ዲስኮቹ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን መረጥን። የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ መብራት ድንገት ሲጠፋ ኤክስፋት ከሚባለው ሌላው ሥርዓት የተሻለ ይነሳል። ደንበኛ ለሚወስደው ፍላሽ ኤክስፋት ይሁን አልን፤ የቆየው ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ሙሉ የሰርግ ፊልም አይገባበትም።

ለእያንዳንዱ ዲስክ በዲስክ ማስተዳደሪያው ገብቼ ዊንዶውስ የሚጠራበትን ቋሚ ፊደል ሰጠሁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ያውቀዋል፦ ትናንት በአንድ ፊደል የተሰካ ዲስክ ዛሬ በሌላ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ሁሉ ቀይ ይለብስና "ሚዲያው ጠፍቷል" ይላል። በዲስኮቹ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን "ሀ" እና "ለ" ብለን ጻፍን።

የአሠራር ለውጡ ከዕቃው ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ልጅቷ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛች። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ መስመር አለው፤ ወደ ሀ ሲገለበጥ አንድ ምልክት፣ ወደ ለ ሲገለበጥ ሌላ ምልክት። የሚገለበጠው ቴራኮፒ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከገለበጠ በኋላ ሁለቱን ቅጂዎች ያመሳክራል። ሁለት ምልክት ያልያዘ ካርድ ፎርማት አይደረግም።

ያልተሳካልን

ሁለቱም ዲስኮች ለሦስት ሳምንት አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሌባ ቢገባ ወይም ቃጠሎ ቢነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዱ ነበር፤ ይህን ያየችው እኔ ሳልሆን ልጅቷ ናት። "ለ" አሁን ሌላ ሰፈር፣ እናቷ ቤት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ሰኞ ሰኞ ይመጣል።

ከዲስኮቹ አንዱ ብዙ ሲጻፍበት መሀል ላይ ይደክማል፤ ከ110 ወደ 20 ወረደ። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች መስመሮቹን እንደ ጣራ ክዳን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ስለሚጽፉ፣ የመቀበያ ቦታቸው ሲሞላ እንዲህ ይዘገያሉ። ለማኅደር ችግር የለውም። ቀጥታ ከእሱ ላይ ማቀናበር ግን ያናድዳል፤ ስለዚህ የሚሠራበት ሥራ ዴስክቶፑ ላይ ይሁን አልን።

መንዝ ላይ በነበረ አንድ ሥራ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ረዳቱ ደንግጦ ኤስኤስዲውን ነቀለው። ያ በኤክስፋት የተሠራ ነበር፤ ሲሰካ "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ጠየቀ። ደግነቱ ረዳቱ እሺ አላለም፤ በዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ፣ በቼክዲስክ፣ ተስተካከለ፣ አንድ ፋይል ብቻ ጠፋ፣ ካርዱ ላይ ግን ነበረ። ከዊንዶውስ 10 የ1809 እትም ወዲህ የውጭ ዲስክ ቶሎ እንዲነቀል ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ይህ እየጻፈ ያለን ዲስክ አያድንም።

ብርዱም አለ። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ዲስክ ከሰል ከተያያዘበት ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል፤ መነጽር ላይ እንደምናየው። አንድ ጊዜ ገና ሳይደርቅ ሊሰኩት ሲሉ ደረስኩ። አሁን ከነቦርሳው አንድ ሰዓት ይቆያል።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ወደ ሁሉም ቤት ይሄዳል፦ አዲስ ዲስክ ሞልተው መልሰው እስኪያነቡት ድረስ መጠኑ አይታወቅም። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሌሊት ብቻ ይጠይቃል። የደብተሩ ነገር ደግሞ ፎቶ ቤት ላልሆነም ይሠራል፤ የዕድር መዝገብ ወይም የትምህርት ቤት ውጤት የሚይዝ ሰው ዋናውን ከማጥፋቱ በፊት ሁለት ምልክት ይፈልግ። ስንት ቴራ ያስፈልገኛል የሚለውን ሱቅ ገብቶ ከመጠየቅ በፊት ሥራው በሰዓት ስንት ጊጋ እንደሚበላ ማስላት ነው፤ እኔ መስከረም ላይ ያልሠራሁት ስሌት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዲስኩ የሚያድርበትንና የሚጓዝበትን ቦታ መቁጠር ግን እንደየአገሩ ይለያያል፤ ለሸዋ ሮቢት ሰው የውርጩ ጉዳይ ምኑም አይደለም፣ የእሱ ጭንቀት ሙቀት ነው።

አሁን ያለበት

በየሦስት ወሩ ሁለቱንም ዲስኮች የዲስክ ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በክሪስታልዲስክኢንፎ፣ እናያለን። በነሐሴው ምርመራ "ሀ" ቢጫ ማስጠንቀቂያ አሳየ፤ ዲስኩ መያዝ ያቃታቸውን ጥቂት ቦታዎች በትርፍ ቦታ መተካት ጀምሯል። እስካሁን የጠፋ ፋይል የለም። ቢሆንም ቁጥሩ በሳምንቱ ጨመረ። "ለ" ከእናትየው ቤት መጣ፣ አዲስ ዲስክም ተገዛ።

አዲሱን ከነካርቶኑ ይዤ ስገባ ጋሼ ደንበኛ ፎቶ እያነሱ ነበር። ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ "ሞልተህ አየኸው?" አሉኝ።